ብዕር ከተነሣ አይመለስም

አንዲት ደብተር አለችን። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ናት፤ ጀርባዋ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለባት። ሽፋኗ ላይ በማርከር ‹‹ጥብቅ ምስጢር›› ተብሎ ተጽፎባታል። ምስጢሩ ምን እንደሆነ ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ እኛም ስቀንበታል። ደብተሯ ውስጥ ያለው በየአራት ዓመቱ በክረምት ኦሊምፒክ፣ በሴቶች ፊገር ስኬቲንግ፣ ወርቁን ማን፣ ብሩን ማን፣ ነሐሱን ማን እንደሚወስድ የገመትነው ግምት ነው።

አዎ፣ ፊገር ስኬቲንግ። በቀጭን ብረት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ በሙዚቃ እየተሽከረከሩ፣ አየር ላይ እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ስፖርት። ‹‹ለመሆኑ በረዶ አይታችሁ ታውቃላችሁ?›› ብሎ ያልጠየቀን ዘመድ የለም። እናውቃለን፤ ሐምሌ ላይ ቆርቆሯችንን ሲቀጠቅጠው። የእኛ ክረምትና የእነሱ ክረምት ለየቅል ነው፤ ፍቅር ግን አገር አይመርጥም። እኛን የያዘን አንድ የካቲት ወር ላይ ነው፣ የጓደኛችን ቤተሰቦች ቤት ዲሹ ሌላ ነገር አላነሣ ሲለን። ሪሞቱ ሲገኝ ፍቅሩ ገብቶብን አልቋል።

አራት ነን። አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። አንዱ ሕግ ያጠና ነው፤ ጥብቅና ባይቆምም በእኛ ላይ መፍረድ አይደክመውም። አንዷ ነርስ ናት። አራተኛዋ የሕግ ባለሙያው ታናሽ እህት ናት፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገችንም እሷ ናት።

እንግዲህ አገሩ የሯጭ አገር ነው። ስለ 10 ሺህ ሜትር ግምት የሌለው ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም፤ የታክሲ ረዳቱም ሊስትሮውም ይገምታል። ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው፤ ደረት መስመር ነካ፣ አለቀ። ማንም ‹‹የቴርጋት አሯሯጥ ግን ይበልጥ ያምር ነበር›› ብሎ ይግባኝ አላለም። ስኬቲንግ መስመር የለውም። ዘጠኝ ዳኞች ተቀምጠው እያንዳንዷን ዝላይ፣ እያንዳንዷን ሽክርክሪት፣ ከዚያም አልፎ የእጅ አጣጣሏንና ሙዚቃ አሰማሟን በቁጥር ይመዝናሉ። ከሰጡት ትልቁና ትንሹ ይጣልና የቀረው ይካፈላል። እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው። በቤጂንግ ዘመን ሉትዝ የሚባለው ዝላይ አየር ላይ ሦስት ዙር ሲዞር 5.9 ነጥብ ነበር፤ አራት ዙር ሲዞር 11.5።

ሒሳብ ሠራተኛው ይህን የነገሩት ቀን ዓይኑ በራ። ‹‹ይሄማ ስፖርት አይደለም፣ ሒሳብ መዝገብ ነው›› አለ። አንድ ዙር ስትጨምር ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። አራት ዙር የሚዞረው ማን ነው? ቀላል፣ ቀጭን፣ ዳሌዋ ያልሰፋ፣ ቁመቷ ገና ያልተመዘዘ። ስለዚህ ሠንጠረዥ ሠራልን። ስም፣ አገር፣ ምርጥ ውጤት፣ የዝላይ ድምር። በመጨረሻው ዓምድ ዕድሜ። ዕድሜዋ አነስ ያለችው ላይ የመደመር ምልክት ያደርጋል። ሃያ ያለፈችው ላይ የመቀነስ። ማናችንም ‹‹ለምን?›› አላልነውም። ለምን እንላለን? ሠንጠረዡ ይሠራ ነበር እኮ።

ሕግ አዋቂያችን ደግሞ ሕግ አወጣ። አንቀጽ 1፤ ብዕር ከተነሣ አይመለስም፤ ማለትም የተጻፈ ግምት አይሰረዝም። አንቀጽ 2፤ ተሸናፊ ክትፎ ይጋብዛል። ስሙም ሜዳሊያውም ከገጠመ ሦስት ነጥብ፣ ልጅቷ መድረክ ላይ ወጥታ የሜዳሊያው ዓይነት ከተሳሳተ አንድ ነጥብ። አንቀጽ 3፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ደብተሯ ላይ አይጽፍም።

ሦስተኛው አንቀጽ የእናትየው ነው። እትዬ በራቸው ላይ ቆመው፣ ‹‹እናንተ እንደፈለጋችሁ ሁኑ፣ ልጄን ግን ቁማር እንዳታስተምሩብኝ፤ ገና ልጅ ናት›› አሉን። ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የሶቺ ኦሊምፒክ ሲመጣ ታናሻችን አሥረኛ ክፍል ነበረች፣ ማትሪክ ከፊቷ የተደቀነባት። 15 ዓመቷ።

ሶቺ ላይ ሁላችንም ወርቁ ላይ የጻፍነው ስም አንድ ነው፤ ዩሊያ ሊፕኒትስካያ። በቡድኑ ውድድር ቀይ ልብስ ለብሳ፣ በሺንድለርስ ሊስት ፊልም ሙዚቃ፣ እግሯን ከጆሮዋ በላይ ይዛ ስትሽከረከር ያየ ሰው ሌላ ስም ሊጽፍ አይችልም። ሩሲያ የቡድኑን ወርቅ ወሰደች፤ አዳራሹ አበደ። ሒሳብ ሠራተኛው ዕድሜዋን ጻፈ፤ 15። የመደመር ምልክቷን ደመቅ አደረጋት።

በነጠላው ውድድር ሊፕኒትስካያ በአጭሩ ፕሮግራምም በረጅሙም ወደቀች። አምስተኛ ወጣች። እትዬ ቡና ሊያቀርቡልን ገብተው በረዶው ላይ ተቀምጣ አዩዋት። ‹‹ይህች የማናት ልጅ? እናቷ የት አለች?›› አሉ። ሳቅን። (ኦሊምፒክ ላይ እናት የሚፈልግ ሰው! ብለን ለስንት ጊዜ ተሳሳቅንበት።) ታናሻችን ከመጋረጃው በስተጀርባ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አስደግፋ ታይ ነበር፤ ‹‹ሂጂ አጥኚ›› ተባለች፣ ሄደች። ወርቁን ማናችንም ያልገመትናት አደሊና ሶትኒኮቫ ወሰደች፣ ኪም ዩና ብር፣ የ27 ዓመቷ ጣሊያናዊት ካሮሊና ኮስትነር ነሐስ። ኮስትነርን የጻፈችው ነርሷ ብቻ ነበረች። ሒሳብ ሠራተኛው ‹‹ዕድል ነው›› አላት።

ሊፕኒትስካያ እ.ኤ.አ. በ2017 ውድድር አቆመች። በምግብ ሕመም ስትታከም ቆይታ፣ በ19 ዓመቷ። ዜናውን ያነበብነው ስልካችን ላይ ነው፣ አንድ አንቀጽ። ደብተሯ ላይ ምንም አልጻፍንም፤ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ዓምድ የላትም።

ቀጣዩ የፒዮንግቻንግ ነው፤ የካቲት 2010 በእኛ አቆጣጠር። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ግምት ላይ ነበር። የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ፣ በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ካፌው፣ ታክሲው፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ‹‹ማን ይመጣ ይሆን?›› ነበር ወሬው። እኛም ‹‹ማን ትወስድ ይሆን?›› ስንል ሰው ሁሉ ስለ ፖለቲካ የምናወራ እየመሰለው ጆሮውን ያቆምብን ነበር። ‹‹ዛጊቶቫ›› ሲሰማ ይመለሳል።

አሊና ዛጊቶቫ 15፣ ዬቭጌኒያ ሜድቬዴቫ 18። ሁለቱም የአንዲት አሠልጣኝ፣ የኤቴሪ ቱትቤሪድዜ ልጆች፤ ሊፕኒትስካያም የዚያች ቤት ልጅ ነበረች። ሕግ አዋቂው ለሜድቬዴቫ ተከራከረ፤ ሒሳብ ሠራተኛው ግን ያየው ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ደንብ በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ የሚዘለል ዝላይ አሥር በመቶ ይጨመርለታል። ዛጊቶቫ በረጅሙ ፕሮግራም ዝላዮቿን በሙሉ፣ አንዷንም ሳታስቀር፣ ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ወሰደቻቸው። እግር ሲዝል፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ያን ጊዜ ትጀምራለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበን አየናቸው። በረጅሙ ፕሮግራም ሁለቱም እኩል አገኙ፤ 156.65፣ በነጥብ ቤት እንኳ ሳይለያዩ! ወርቁን የለየው በአጭሩ ፕሮግራም የነበረው የ1.31 ልዩነት ነው። ለዛጊቶቫ። ነርሷ እንደ ልማዷ ነሐሱ ላይ የ22 ዓመቷን ካናዳዊት ኬትሊን ኦዝመንድን ጽፋ ነበር፣ ገጠመላት። ሁዳዴ ስለነበር ክትፎው ለፋሲካ ተላለፈ። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበርም ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ጭማሪውን ለጥቂት ዝላዮች ብቻ ወሰነው። ዛጊቶቫ በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ውድድር ማቋረጧን ስታስታውቅ 17 ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ቤጂንግ፣ ወደ 2022 እንምጣ። ሌላው ሁሉ መንደርደሪያ ነው።

ካሚላ ቫሊዬቫ በመከር ወራት ሶቺ ላይ 272.71 አምጥታ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ሠንጠረዡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛውሮት ስለነበር ስሌቱን በስልካችን ላከልን፤ ሁለት ጊዜ ብትወድቅም ወርቁ የሷ ነው ይላል። (ውድቀት የዝላዩን መነሻ ዋጋ ግማሽ ያህል ይበላል፣ ከዚያ አንድ ነጥብ ቅጣት ይጨመራል። እሷ የምትበላው ነገር ሞልቷታል።) ሁላችንም ወርቁ ላይ ቫሊዬቫን ጻፍን። ሦስታችን ብሩን ለአና ሽቸርባኮቫ፣ ነሐሱን ለአሌክሳንድራ ትሩሶቫ ሰጠን፤ ሦስቱም ከዚያችው ከቱትቤሪድዜ ቤት። ነርሷ ግን ነሐሱ ላይ የጃፓኗን ካኦሪ ሳካሞቶን ጻፈች። ‹‹አራት ዙር የላትም፣ ባለ ሦስት ተኩል አክስልም የላትም፣ በዚያ ላይ 21 ዓመቷ ነው›› አላት ሒሳብ ሠራተኛው። ነርሷ ‹‹ጉልበቷን አይተኸዋል?›› አለችው። አላየውም፤ የጉልበት ዓምድ የለውማ።

ለቡድኑ ውድድርም ጻፍን። ሦስታችን ሩሲያ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን አልን። ታናሻችን ብቻዋን አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሩሲያ አለች። አሁን 23 ዓመቷ ነው፤ መጻፍ ከተፈቀደላት ሁለተኛ ኦሊምፒኳ። ‹‹ምክንያት?›› ስንላት ‹‹የኔታን ቼን ሸሚዝ ደስ ብሎኝ›› አለች። ብዕሩ ተነሣ፣ አለቀ።

የካቲት 7 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ቫሊዬቫ በኦሊምፒክ ባለ አራት ዙር የዘለለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሩሲያውያን በ74 ነጥብ አንደኛ፣ አሜሪካ በ65 ሁለተኛ፣ ጃፓን በ63 ሦስተኛ። ሦስታችን ሁሉንም መታን። በማግስቱ የሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት ሳይካሄድ ቀረ፤ ‹‹የሕግ ጉዳይ ገጥሞናል›› ተባለ። ከዚያ ወሬው ወጣ። ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከተወሰደው የቫሊዬቫ ናሙና ትሪሜታዚዲን የተባለ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቷል።

‹‹ምንድነው እሱ?›› አልናት ነርሷን።

‹‹የልብ መድኃኒት ነው። ደረታቸውን ለሚወጋቸው ሰዎች የሚሰጥ። እኔ የማውቃቸው የሚወስዱት ሰዎች አያቶች ናቸው።››

የልጅቷም ወገን የተከራከረው በአያት ነው፤ ከአያቷ መድኃኒት ጋር ተነካክቶ ይሆናል ብለው። የካቲት 14 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት፣ ከ16 ዓመት በታች መሆኗንም ከግምት አስገብቶ፣ ዋናው ክስ እስኪታይ ትወዳደር አለ። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ደግሞ ሌላ አመጣ፤ ቫሊዬቫ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣች የሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት አይኖርም። ወደ ረጅሙ ፕሮግራም የሚያልፉት 24 መሆናቸው ቀርቶ፣ በሷ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይቀር፣ 25 ሆኑ።

እናንተዬ፣ እዚህ ላይ የሆነውን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በቴሌግራም ግሩፓችን ተከራከርን። ስለ ምን? የማይሰጥ ሜዳሊያ ስንት ነጥብ ነው? ሒሳብ ሠራተኛው ‹‹ሙሉ ሦስት›› አለ። ሕግ አዋቂው ‹‹ጊዜያዊ ሦስት፣ በዋስትና የሚያዝ›› አለ፤ አሥር የሳቅ ምልክት ተላከለት። አንዱ አንቀጽ 1 ይሻሻልና ስም እንቀይር አለ፤ እሱን ቅሌታም ብለን ሰደብነው። መልእክቶቹ አሁንም አሉ። በቀደም ወደ ላይ ስበን አነበብናቸው። ከመቶ የሚበልጡ ናቸው፤ አንዱም ላይ ‹‹ልጅቷ እንዴት ሆና ይሆን?›› የሚል የለም።

አጭሩ ፕሮግራም ማክሰኞ ነበር፣ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን። ቫሊዬቫ አክስሏ ላይ ተንገዳገደች፣ ግን በ82.16 መራች። ሽቸርባኮቫ 80.20፣ ሳካሞቶ 79.84፤ ትሩሶቫ ወድቃ 74.60። ቫሊዬቫ ስትጨርስ ፊቷን ይዛ አለቀሰች። ሒሳብ ሠራተኛው ‹‹ዕቅዱ በቦታው ነው›› ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ፣ የካቲት 10 ቀን 2014 በእኛ፣ ጾሙ ተፈትቷል። ውድድሩ በኛ ሰዓት 7 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ከየሥራችን አንድ አንድ ሰበብ ፈጥረን (የአንዳችን አያት ለሦስተኛ ጊዜ አረፉ) አንድ ክትፎ ቤት ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ላፕቶፑ የሶፍት ሣጥን ላይ ተደገፈ። የመጨረሻዎቹ ሲገቡ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። ትሩሶቫ አምስት ባለ አራት ዙር ዘለለች፤ በሴቶች ማንም በኦሊምፒክ ያላደረገው። ሳካሞቶ ያለ አንድም አራት ዙር፣ ነፋስ እንደሚገፋት ጀልባ ሰፊ አድርጋ ተንሸራተተች፤ ነርሷ ጠረጴዛውን ጨብጣ ነበር። ሽቸርባኮቫ ሁለት አራት ዙሮቿን አወረደች፣ ምንም አልጎደለባትም። የመጨረሻዋ ቫሊዬቫ ናት። ሙዚቃው ቦሌሮ።

የመጀመሪያዋ አራት ዙር ደህና ወረደች። ከዚያ አክስሉ ላይ ተንሸራተተች። ከዚያ ወደቀች። ሒሳብ ሠራተኛው ቁጥሩን ነካ ነካ አደረገና ‹‹አሁንም ትችላለች›› አለ። ደግማ ወደቀች። ‹‹አሁንም... ›› አለና ተወው። ቀሪዎቹን ስትንገዳገድ ማንም ወደ ስሌቱ አላየም። ሙዚቃው ከሷ ቀድሞ የሚሄድ ይመስል ነበር፣ እሷ ከኋላው ለመድረስ የምትሮጥ። ስትጨርስ እጇን ወደ ፊት ወርውራ የሆነ ነገር የመጣል ያህል አወናጨፈችው። ከበረዶው ስትወጣ አሠልጣኟ ለምን ለቀቅሽው፣ ለምን መታገል አቆምሽ ብላ ስትጠይቃት ካሜራው ቀርጾታል፤ ትርጉሙን ኋላ ነው ያነበብነው። በድምሩ 224.09። አራተኛ።

ሽቸርባኮቫ 255.95፣ ወርቅ። ትሩሶቫ 251.73፣ ብር። ሳካሞቶ 233.13፣ ነሐስ። የወርቁ ባለቤት አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት አቅፋ ብቻዋን ቆማለች፤ የሚያቅፋት ያጣች ትመስል ነበር። ትሩሶቫ እየጮኸች ታለቅሳለች፣ ወደ መድረኩ አልወጣም እያለች። በደስታ ስታለቅስ ያየናት ሳካሞቶን ብቻ ነው። ቫሊዬቫ አራተኛ ስለሆነች ሥነ ሥርዓቱ ይካሄዳል ተባለ። የሁለት ቀን ክርክራችን በዚህ ዓይነት ተፈታ።

አስተናጋጇ መጣች። ‹‹ለብለብ ነው ጥሬ?›› አለችን። የመለሰላት የለም።

ታናሻችን ደብተሯን ወደ ወንድሟ ገፋችለት። ‹‹አንቀጽ 3ን እስቲ አንብብልኝ።››

‹‹ምን ያደርግልሻል?››

‹‹አንብብልኝ አልኩህ።››

አነበበ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ደብተሯ ላይ አይጽፍም።

‹‹እኔ 15 ዓመቴ ላይ ስም ለመጻፍ ልጅ ነበርኩ። እሺ። የምትጽፉት ስም ግን ስንት ዓመቱ ነበር?››

ገጾቹን ገለጥን። ሶቺ፣ ሊፕኒትስካያ፣ 15። ፒዮንግቻንግ፣ ዛጊቶቫ፣ 15። ቤጂንግ፣ ቫሊዬቫ፣ 15። ከሦስቱም አጠገብ የመደመር ምልክት፣ በሰማያዊ ብዕር፣ ደመቅ ያለ። ሒሳብ ሠራተኛው ‹‹15 የፈቀደው እኮ ደንቡ ነው፣ እኔ አይደለሁም›› አለ። እውነት ነው፤ ደንቡ ነው። ነርሷ ደግሞ ‹‹እኔን አታነካኩኝ፣ የኔዋ የ21 ዓመት ሴት ናት፤ ክትፎዬን አምጡልኝ›› አለች።

‹‹ወርቁ ላይስ ማንን ጻፍሽ?›› አለቻት ታናሻችን።

ነርሷ እንጀራውን እንደያዘች ቀረች። በሥራዋ ስንት የ15 ዓመት ልጅ አይታለች፤ ‹‹እንዲህ ያለች ልጅ እኛ ዘንድ ብትመጣ መጀመሪያ ከጎኗ ማን እንዳለ ነው የምንጠይቀው›› አለች፣ ቆይታ። እትዬም ከስምንት ዓመት በፊት የጠየቁት እሱን ነበር። ማናችንም ጮክ ብለን አላስታወስነውም፤ ግን ታናሻችን ወንድሟን፣ ወንድሟም ጠረጴዛውን አየ።

ሒሳብ ሒሳብ ነው። ነርሷ 13፣ ሁለቱ ወንዶች 11፣ ታናሻችን 5። ተሸናፊዋ እሷ ሆነች። ‹‹ሜዳሊያ ያልተሰጠበት የቡድን ውድድር እንዴት ይቆጠራል?›› ብላ ተከራከረች። ሕግ አዋቂው ‹‹የተለጠፈ ውጤት እስካልተሻረ ይጸናል›› ብሎ ፈረደባት። የአራት ሰው ክትፎ ከፈለች። ደብተሯ ላይ ግን በቀይ ብዕር ‹‹በተቃውሞ ከፍያለሁ›› ብላ ፈረመች።

በሰኔ ወር 2022 እ.ኤ.አ. የስኬቲንግ ማኅበሩ ጉባኤ በ100 ድምፅ ለ16 የአዋቂዎችን ውድድር መግቢያ ዕድሜ ደረጃ በደረጃ ከ15 ወደ 17 ከፍ አደረገ። ሩሲያውያኑ በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት ከዓለም ሻምፒዮናው ሲታገዱ፣ ሳካሞቶ 2022፣ 2023 እና 2024ን በተከታታይ አሸነፈች። ነርሷ ስንት ጊዜ እንደነገረችን አትጠይቁን። የሒሳብ ሠራተኛው ሠንጠረዥ ግን የመቀነስ ምልክቱን ያነሣው ሁለተኛው ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ‹‹ዕድል›› ብሎት ነበር።

ከዚያ ጥር 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. መጣ። የግልግል ፍርድ ቤቱ ቫሊዬቫን ለአራት ዓመት አገደ፣ ከታኅሣሥ 25 ቀን 2021 ጀምሮ የሚታሰብ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘችው ሁሉ ተሰረዘ። የቡድኑ ውጤት እንደገና ተሠራ። አሜሪካ 65፣ ጃፓን 63፣ ሩሲያውያን 54፤ ካናዳ በ53 አራተኛ። አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሩሲያ! የቼንን ሸሚዝ አይታ የገመተችው ልጅ ሁሉንም መታች። አዲሱ ድምር፤ ታናሻችን 11፣ ነርሷ 7፣ ወንዶቹ አምስት አምስት።

ያን ቀን ጠዋት ቴሌግራም ላይ የመጣው መልእክት አንድ ቃል ነበር። ‹‹ክትፎዬ።››

ሕግ አዋቂው ይግባኝ አለ እያለ ጊዜ ገዛ፤ እውነትም ይግባኝ ነበር፣ ካናዳ ጠይቃ ውድቅ ሆነባት። አሜሪካውያኑና ጃፓናውያኑ ሜዳሊያቸውን የወሰዱት ፓሪስ ላይ፣ በበጋው ኦሊምፒክ መካከል፣ ነሐሴ 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። እንዲህ ያለ ዕድል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቃ፣ አሁን ደግሞ እስከ ነሐሴ 16 ልትጠብቅ። በዚያ ላይ ከሳምንት በፊት የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ተብሎ የሁሉ ነገር ዋጋ ሊወጣ እየተንደረደረ ነበር። ክርክሩ እንደገና ፈነዳ። በ2014 የከፈለችው በዚያን ጊዜው ዋጋ ነው የሚመለስላት ወይስ ባሁኑ? ሕግ አዋቂው ‹‹ገንዘብ በቁጥሩ ነው የሚመለስ›› አለ። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሷ ጋር ወግኖ፣ የዋጋ ግሽበቱን ሠርቶ አመጣ። ‹‹በብር አልበላሁም፣ የበላነው ክትፎ ነው›› አለች እሷ። ረታች።

ፍልሰታ ተፈታ፣ እዚያው ጥግ ተቀመጥን። ሦስታችን ልንከፍል ነው። ደብተሯን ተቀበለችንና ‹‹በተቃውሞ ከፍያለሁ›› ከሚለው ሥር ‹‹ተመልሷል›› ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠች። አንቀጽ 3 ላይ፣ ‹‹አይጽፍም›› ከሚለው ቃል ውስጥ፣ ጽ የምትለዋን ፊደል እግሯን አስረዝማ ጻ አደረገቻት። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ደብተሯ ላይ አይጻፍም።

‹‹ብዕር ከተነሣ አይመለስም!›› አለ ወንድሟ።

‹‹አልሰረዝኩም፤ ጨመርኩ እንጂ›› አለችው።

ሒሳብ ሠራተኛው ተነጫነጨ። ውድድሩ 17 ዓመት ይፈቅዳል፣ ደብተሯ 18 ትላለች፤ እንግዲህ 17 የሆናት ልጅ መድረክ ላይ ብትወጣ ምን ልንጽፍ ነው? ‹‹ባዶ እንተወዋለን›› አለች ነርሷ። ‹‹ባዶ ስንት ነጥብ ነው?›› አለ እሱ። አስተናጋጇ ለብለብ ይሁን ጥሬ ልትጠይቅ መጥታ ቆማለች።